ከማዕድ የተነሡ ቃላት

የእንግሊዝኛ ቃላትን ዘርና አመጣጥ የምንጫወትበት ሰዓት ደርሷል። ዛሬ ከገበታ ዙሪያ አንነሣም። ስለ ሥጋ፣ ስለ ዳቦ፣ ስለ ጨው፣ መጨረሻ ላይም ስለ ቡና እናወራለን። የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ርእሱን ያስመረጠኝ አንድ የቆየ ጥያቄ ነው። ማታ ማታ ለሠራተኞች እንግሊዝኛ በማስተምርበት ጊዜ አንዲት የምግብ ቤት ወጥ ቤት ተማሪ ነበረችኝ። አሠሪዋ ለውጭ አገር እንግዶች የሚሆን የምግብ ዝርዝር በእንግሊዝኛ እንድታዘጋጅ አዟት፣ ሌሊቱን ስትለፋበት ያደረችውን ወረቀት ይዛልኝ መጣች። የመጀመሪያው መስመር «ካው ጥብስ» ይላል። ሁለተኛው «ሺፕ ቅቅል»። አንዱ እንግዳ ወረቀቱን አይቶ ሥቆ ነበርና ፊቷ ላይ ቅሬታ ይነበባል። «ጋሼ፣ ካው ላም ናት ብለውናል፤ ሺፕም በግ ነው ብለውናል። ታዲያ ምኑ ነው ጥፋቴ?» አለችኝ።

ጥፋት አልነበረባትም። በአማርኛ በሬው ቢታረድም በሬ ነው፤ የበሬ ሥጋ እንላለን፣ የበግ ሥጋ፣ የፍየል ሥጋ። እንስሳው ስሙን እንደያዘ ድስት ውስጥ ይገባል። በእንግሊዝኛ ግን በረት ውስጥ ያለችው ላም ካው ናት፣ ሳህን ላይ የቀረበው ሥጋ ቢፍ ይባላል። መስክ ላይ ያለው በግ ሺፕ፣ ሥጋው መተን። ጥጃው ካፍ፣ ሥጋው ቪል። አሳማው ፒግ ወይም በጥንቱ አነጋገር ስዋይን፣ ሥጋው ፖርክ። ይህ ሁሉ ድርብ ስም ከየት መጣ ያላችሁ እንደሆነ፣ መልሱ ያለው ጦር ሜዳ ላይ ነው።

ኦክቶበር 14 ቀን 1066 ዓ.ም. ከሰሜን ፈረንሳይ ባሕር ተሻግሮ የመጣው የኖርማንዲው መስፍን ዊልያም በደቡብ እንግሊዝ ሄስቲንግስ በሚባል ስፍራ ከንጉሥ ሃሮልድ ጋር ገጠመ። ሃሮልድ እዚያው ሜዳ ላይ ወደቀ፤ ዊልያም በዚያው ዓመት በገና ዕለት ዌስትሚንስተር ላይ ዘውድ ጫነ። ከዚያ በኋላ ርስቱ፣ ሹመቱና ጵጵስናው ከእንግሊዞቹ እጅ እየወጣ ለኖርማኖቹ ሆነ። የቤተ መንግሥቱ ልሳን ፈረንሳይኛ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ላቲን ሲሆን፣ እንግሊዝኛ የጭሰኛው ቋንቋ ሆኖ ቀረ። በፍርድ ቤት የሚካሄድ ክርክር በእንግሊዝኛ ይሁን የሚል ሕግ የወጣው በ1362 ነው። መቁጠር ለምትወዱ፣ ሦስት መቶ ዓመት ሊሞላ አራት ሲቀረው ማለት ነው።

እስኪ አስቡት። ከብቱን የሚያግደው፣ በረቱን የሚጠርገው፣ በጎቹን የሚሸልተው ሰው እንግሊዛዊ ነበር፤ ስለዚህ የእንስሶቹ ስም በእሱ አፍ እንደነበረ ቆየ። ሥጋው ተጠብሶ የሚቀርብለት ጌታ ደግሞ የሚያዝዘው በፈረንሳይኛ ነው። የፈረንሳይኛው «በፍ» ቢፍ ሆነ፣ «ሙቶን» መተን፣ «ፖር» ፖርክ። ይህን ነገር በዓለም ዘንድ ያስታወቀው ስኮትላንዳዊው ደራሲ ዋልተር ስኮት ነው። በ1819 ባሳተመው «አይቫንሆ» በተባለው ልብ ወለድ ውስጥ አንድ የአሳማ እረኛና አንድ አጫዋች ጫካ ውስጥ ቆመው በዚሁ ነገር ሲነጋገሩ እናገኛቸዋለን። እንስሳው እንክብካቤ በሚፈልግበት ሰዓት እንግሊዛዊ፣ ለመበላት ሲደርስ ፈረንሳዊ መሆኑ እረኛውን ያንገበግበዋል። እኔም ይህን ታሪክ ባነሣሁ ቁጥር የማስበው ያን እረኛ ነው። ለሥጋው ስም ለማውጣት ዕድል አላገኘም፤ ሥጋውን የመቅመስ ዕድሉም ብዙ አልነበረም።

አንድ ነገር ግን ሳልጨምር ባልፍ ደግ አይሆንም። ነገሩ በአንድ ጀምበር እንዲህ ተከፍሎ አላደረም። ከወረራው በኋላ ለብዙ መቶ ዓመታት ቢፍ በሕይወት ላለ በሬም ይነገር ነበር፤ «ቢቭስ» ተብሎ በብዙ ቁጥር ሲጠራ በሮቹን ማለት ነው። መተንም እንዲሁ በእግሩ የሚሄደውን በግ ይጠራ ነበር። ይህኛው ለበረት፣ ያኛው ለገበታ ተብሎ የዛሬው ድንበር የተሰመረው ቀስ በቀስ ነው። የስኮት እረኛ የሚናገረው የኋለኛውን ዘመን እንግሊዝኛ ነው። ቁም ነገሩ ግን አይናወጥም፤ ቃላቱ ከሁለት ቤት፣ አንዱ ከጌታ አንዱ ከሎሌ ቤት የመጡ ናቸው።

ለተማሪዬ «ካው» የሚለውን ሰርዘን «ቢፍ» ጻፍን። ወዲያው «ዶሮስ?» አለችኝ። ዶሮ ከነነፍሷም ቺክን ናት፤ ድስት ውስጥም ቺክን ናት፤ ዓሣም ፊሽ እንደሆነ ይቀራል፤ የፍየል ሥጋም ጎት ተብሎ ይሄዳል። በዐረብ አገሮች በሰው ቤት ወይም በምግብ ቤት የምትሠሩ እህቶችና ወንድሞች ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። በሕንዶችና በፓኪስታኖች እንግሊዝኛ መተን ሲባል ብዙ ጊዜ የፍየል ሥጋ ማለት ነው። ስለዚህ መተን ግዢ ብሎ የላካችሁ ሰው የትኛውን እንደፈለገ ሳትጠይቁ ከቤት አትውጡ።

ሥጋ ካነሣን ዘንድ «ሚት» ስለሚለው ቃልም ጥቂት ልበል። ዛሬ ሥጋ ማለት ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ ግን ማናቸውም የሚበላ ነገር ሚት ይባል ነበር። በ1611 የታተመውን የንጉሥ ጀምስ መጽሐፍ ቅዱስ የምታነቡ ሰዎች ኦሪት ዘሌዋውያን ላይ ስትደርሱ «ሚት ኦፈሪንግ» የሚል ታገኛላችሁ። ቀጥሎ የምታነቡት ግን ዱቄትና ዘይት ነው፤ ሥጋ የሚባል ነገር የለበትም። አማርኛችን የእህል ቁርባን ሲል በትክክል አስቀምጦታል። «ለአንዱ ሚት የሆነው ለሌላው መርዝ ነው» የሚለው የእንግሊዞች አባባልም ስለ ምግብ እንጂ ስለ ሥጋ የተነገረ አይደለም። ከእኛ ቋንቋ ዘመዶች መካከልም እንዲህ ያለ ነገር አለ። በዐረብኛ «ላሕም» ሥጋ ነው፤ በዕብራይስጥ «ሌሔም» ዳቦ ነው። ሥሩ አንድ ሆኖ ሳለ አንዱ ሕዝብ ሥጋውን፣ ሌላው እህሉን ጠራበት። ጌታ የተወለደባት ቤተ ልሔም በዕብራይስጥ የዳቦ ቤት መሆኗን፣ በቤተ ክርስቲያናችንም የቁርባኑ ኅብስት የሚዘጋጅበት ቤት በዚሁ ስም እንደሚጠራ የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

አሁን ወደ ዳቦው እንግባ። ለእኔ ከእንግሊዝኛ ቃላት ሁሉ ልቤን የሚነኩት እነዚህ ናቸው። «ሎርድ» የሚለውን ታውቃላችሁ፤ ጌታ፣ መኰንን ማለት ነው፤ ለፈጣሪም ይነገራል። በጥንቱ እንግሊዝኛ ግን «ህላፍዌአርድ» ነበር። «ህላፍ» ዳቦ ነው፤ ዛሬ ሎፍ የሚባለው እሱ ነው። «ዌአርድ» ጠባቂ ነው። ጌታ ማለት ዳቦ ጠባቂ ነበር ማለት ነው። «ሌዲ» ደግሞ «ህላፍዲገ» ነበረች፤ ዳቦ የምታቦካ። የቤቱ ሰው ሁሉ የሚበላውን ዳቦ የምታቦካዋ እመቤት ናት፤ ዳቦውን የሚጠብቀውና የሚያከፋፍለው ባሏ ነው። ሺህ ዓመት አለፈ፤ ቃላቱ እየተሸበሸቡ አጠሩ፤ ዛሬ በለንደን የላይኛው ምክር ቤት ሎርድ ተብለው የተቀመጡት ሰዎች ስማቸው ውስጥ ዳቦ አለ። ሌዲ ሲባል ጓንት ያጠለቀች ሴት ትታያችሁ ይሆናል፤ ቃሉን ስትገልጡት ግን እጇ እስከ ክርኗ ሊጥ ነው።

«ኮምፓንየን» የሚለውም ከዳቦ ወጥቶ አያውቅም። ከላቲን በፈረንሳይኛ በኩል የገባ ነው፤ «ኮም» አብሮ፣ «ፓኒስ» ዳቦ። ኮምፓንየን አብሮህ ዳቦ የሚበላ ሰው ነው። በየመንገዱ ሰሌዳ ላይ የምናነበው ካምፓኒም ከዚሁ ማዕድ የተነሣ ነው። ይህን ባስተማርኩ ቁጥር ክፍሉ ውስጥ አንድ ሰው ቀድሞኝ «እኛስ ባልንጀራ እንል የለ!» ይላል። እውነት ነው። ባልንጀራ ሲፈታ ባለ እንጀራ፣ እንጀራ የሚጋሩት ሰው ነው። ሮማውያንና የእኛ አባቶች ተማክረው አይደለም፤ ከአንድ ገበታ መቁረስ ሰውን ከሰው እንዴት እንደሚያስተሳስር ሁለቱም ስላወቁት ነው። እንጀራማ በቋንቋችን ሥራም ነው፣ ኑሮም ነው፤ «እንጀራ ፍለጋ ወጣ» ስንል ሰውየው ጤፍ ሊገዛ አልሄደም። እንግሊዞችም ቤተሰቡን በሥራው የሚያስተዳድረውን ሰው «ብሬድዊነር» ይሉታል፤ ዳቦውን ታግሎ የሚያመጣ። በትርጉም ሥራ ላይ ያላችሁ ሰዎች ይህን ቃል «ዳቦ አሸናፊ» ብላችሁ እንዳታሳልፉት አደራ፤ «የቤቱ እንጀራ በእሱ ነው» የሚል የራሳችን አነጋገር አለን።

ዳቦ ጋጋሪዎችም የራሳቸውን አባባል ትተውልናል። «ቤከርስ ደዝን» ማለት የዳቦ ጋጋሪ ደርዘን ነው። ደርዘን ዐሥራ ሁለት ነው፤ የዳቦ ጋጋሪው ግን ዐሥራ ሦስት ነው። በ1266 በንጉሥ ሄንሪ ሣልሳዊ ዘመን ስለ ዳቦና ስለ ጠላ የወጣ አንድ ሕግ ነበር። የዳቦው ክብደት በስንዴው ዋጋ ልክ ይወሰን ነበር፤ ክብደት ያጎደለ ጋጋሪ መቀጮ ይከፍላል፣ ጥፋቱ ከበዛም አንገቱና እጁ በእንጨት ግንድ ተቀፍድዶ አደባባይ ይቆማል። ዳቦ ደግሞ ምድጃ ውስጥ ሲገባ ምን ያህል እንደሚቀንስ እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ከዚህ ፍርሃት የተነሣ ጋጋሪው አንድ ይጨምር ነበር ይባላል። ቸርቻሪው ዐሥራ ሁለት ገዝቶ ዐሥራ ሦስተኛዋን ለትርፉ ይወስዳት እንደነበረም ይነገራል። ገበያ የምትወጡ እናቶቻችን ለዚህች ዐሥራ ሦስተኛ ዳቦ ስም አላችሁ፤ ምራቂ ናት። የእኛዋ ግን ከሕግ ፍራቻ የመጣች አይደለችም፤ «መርቂልኝ» ሲባል በደግነት የምትጨመር ናት።

ወደ ጨው ልሻገር። ደመወዝ በእንግሊዝኛ «ሳላሪ» ይባላል። ቃሉ ከላቲኑ «ሳላሪዩም» የመጣ ነው፤ ሳላሪዩም ደግሞ ከ«ሳል»፣ ከጨው። እስከዚህ ድረስ ጥርጥር የለውም። ከዚያ በኋላ ግን የሮም ወታደሮች ደመወዛቸውን በጨው ይቀበሉ ነበር የሚለው ተረት ይከተላል፤ በትምህርት ቤትም፣ በጋዜጣም፣ በየስብሰባው መክፈቻም ስንሰማው ኖረናል። ከጥንት ጸሐፊዎች መካከል ወታደሩ ጨው ተሰፍሮለት ሄደ ብሎ የመሰከረ የለም። ቃሉ ከጨው መውጣቱ አንድ ነገር ነው፤ ጨው መከፈሉ ሌላ ነው። የሚገርመው ለሮም ማስረጃ የታጣለት ነገር በእኛ አገር በእርግጥ የተፈጸመ መሆኑ ነው። ከአፋር ጨው ምድር ተፈልፍሎ በግመልና በበቅሎ ወደ ደጋ የሚወጣው አሞሌ እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት ድረስ ገንዘብ ነበር። አያቶቻችን በአሞሌ ገዝተዋል፣ በአሞሌ ከፍለዋል። ሳላሪ የሚለውን ቃል ለልጅ የምታስተምሩ ሁሉ የሮሙን ተረት ትታችሁ የአሞሌውን ታሪክ ብትነግሩት፣ እውነት የሆነውን ነገራችሁት ማለት ነው።

ጨው ሌላም አነጋገር ሰጥቷል። የሰሙትን ነገር «ከአንዲት ፍሬ ጨው ጋር መውሰድ» ይላሉ፤ አሜሪካኖች ፍሬ ሲሉ እንግሊዞች ቁንጥር ይላሉ። ሰው የነገረህን ሁሉ አትዋጥ፣ ጥቂት ጥርጣሬ ጨምርበት ማለት ነው። ምንጩ በአንደኛው መቶ ዓመት የኖረው ሮማዊ ሊቅ ፕሊኒ ነው። የጳንጦሱ ንጉሥ ሚትሪዳጤስ ከመርዝ ይጠብቀኛል ብሎ ይወስደው የነበረውን መድኃኒት ሲጽፍ፣ ሁለት የደረቀ ዋልነት፣ ሁለት በለስ፣ ሃያ የጤና አዳም ቅጠል አንድ ላይ ይወቀጥና አንድ ፍሬ ጨው ይጨመርበት ይላል። ጨው ጨምሮ የተዋጠው መድኃኒት ነበር፤ ዛሬ ጨው የሚጨመርበት ወሬ ነው።

በነገራችን ላይ «ጨዋ» ከ«ጨው» የመጣ ይመስለናል። የጣፈጠ ሰው፣ ለዛ ያለው ሰው እያልን እንፈታዋለን። ነገር ግን የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብን ዘመን ታሪክ ያነበበ ሰው ጨዋ የንጉሡ ጭፍራ፣ የወታደር ክፍል መጠሪያ ሆኖ ያገኘዋል። ሁለት ቃላት በድምፅ ስለተመሳሰሉ ብቻ እናትና ልጅ አይሆኑም።

እንግሊዞችም በዚህ ተሳስተዋል። «ሰርሎይን» የሚባል የበሬ ሥጋ ብልት አለ፤ ከወገቡ ላይ የሚወጣ። አንድ ንጉሥ ሥጋው እጅግ ስለጣመው ሰይፉን መዘዘና «ከዛሬ ጀምሮ ሰር ሎይን ብዬሃለሁ» ብሎ የክብር ማዕርግ ሰጠው ይላሉ። ንጉሡ ለአንዱ ተራኪ ሄንሪ ስምንተኛ ነው፣ ለሌላው ጀምስ ቀዳማዊ፣ ለሦስተኛው ቻርልስ ዳግማዊ። አንድ ታሪክ ሦስት ንጉሥ ካፈራረቀ ያን ጊዜ ጠርጥሩ። እውነቱ ፈረንሳይኛው ውስጥ ነው፤ «ሲር» ማለት ከላይ ማለት ነው፣ ከወገቡ በላይ ያለ ሥጋ። አሁንም ያ የኖርማን ገበታ ነው የሚናገረው።

ከዚያው ገበታ ሥር የወጣ ሌላ አባባል አለ፤ «ሀምብል ፓይ መብላት»። ሲኮራ የነበረ ሰው ተሸንፎ አንገቱን ደፍቶ ይቅርታ ሲጠይቅ ሀምብል ፓይ በላ ይሉታል። «ሀምብል» ትሑት ነው፤ ፓይ ደግሞ በሊጥ ተጠቅልሎ የሚጋገር ምግብ ነው። የምግቡ ስም ግን ቀድሞ ከትሕትና ጋር ምንም ዝምድና አልነበረውም። የታደነው አጋዘን ልብ፣ ጉበትና ሌላው የሆድ ዕቃ «አምብልስ» ይባል ነበር፤ ከሱ የሚጋገረው አምብል ፓይ ነው። ብዙ እንግሊዞች በቃል መጀመሪያ ላይ ያለውን የ«ሀ» ድምፅ ስለሚውጡ ሁለቱ ቃላት በጆሮ አንድ ሆኑ፤ ቀልደኛ አንደበት አጋጠማቸውና አባባሉ ተወለደ። እዚህ ላይ ስሕተቱ ራሱ ቋንቋውን አበለጸገው። እኛ ቤት ዱለት ለክቡር እንግዳ የሚቀርብ ስለሆነ፣ የሆድ ዕቃ መብላት እንዴት የውርደት ምሳሌ ሊሆን ቻለ ብላችሁ ብትገረሙ አልፈርድባችሁም።

ከአዲሶቹ አባባሎች አንዱን ብቻ ላንሣ። አሜሪካኖች አዲስ ነገር ሲያደንቁ «ከተቆረጠ ዳቦ ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር አልታየም» ይላሉ። የተቆረጠው ዳቦ የትውልድ ቀኑ ሳይቀር ይታወቃል። ኦቶ ሮዌደር የተባለ ሰው ዳቦ የሚቆራርጥ ማሽን ለመሥራት ዓመታት ደከመ፤ የመጀመሪያው ሥራው ከነንድፉ በእሳት ተቃጠለበት፤ እንደገና ጀመረ። ጁላይ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. በሚዙሪ ክፍለ ግዛት ቺሊኮቲ በምትባል ትንሽ ከተማ የተቆረጠ ዳቦ ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ ቀረበ። ዐሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላ ሰዉ እንዴት እንደለመደው የታወቀው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። በጃንዋሪ 1943 መንግሥት ለቁጠባ ብሎ የተቆረጠ ዳቦ ቢከለክል እናቶች ጮኹ፤ ክልከላው በማርች ተነሣ።

ቡናውን ላቅርብና ልሰናበታችሁ። «ኮፊ» የሚለው ቃል ከከፋ የመጣ ነው አይደለም ወይ የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰኛል። ልቤ አዎን ሊል ይወዳል። የቃሉ መንገድ ግን እንዲህ ነው። እንግሊዞች ከሆላንዶች «ኮፊ» ብለው ወሰዱት፤ ሆላንዶች ከቱርኮቹ «ካህቬ»፤ ቱርኮች ከዐረቦቹ «ቀህዋ»። በዐረብኛ ቀህዋ ቡናው ከመታወቁ በፊት ለወይን ጠጅ ይነገር የነበረ ቃል ነው። የለንደን ሰው በ1652 የመጀመሪያው ቡና ቤት ኮርንሂል አጠገብ ሲከፈትለት ስሙ ይህን ሁሉ አገር ዞሮ ደርሶ ነበር። ከከፋ የሚለው ግምት ሊቃውንቱን ሲያከራክር ኖሯል፤ ደጋፊም ተቃዋሚም አለው። ከተቃዋሚዎቹ ወገን ያለው ሐሳብ ለእኔ ሚዛን ይደፋል። በአማርኛ ቡና እንላለን፤ በኦሮምኛም ቡና ነው፤ ፍሬው በዐረብኛ ቡን ይባላል። ከፋ ሄዳችሁ ጫካው ሥር ያደገችውን ሴት ጀበናው ውስጥ ያለው ምንድን ነው ብትሏት ደግሞ ቡኖ ነው ትላችኋለች።